ግራሩ ሥር የገባችው ሩር

የአጎቴ ልጅ ሞልቱ ሩሬን ሰርቆኛል። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ፣ «የሩር ነገር ደግሞ ቂም ይሆናል እንዴ?» ይለኛል። ይሆናል። እኔ አድርጌው አይቻለሁ። አርባ አንድ ዓመት ይዤው ኖርኩ። ልጅ ወልጄ ድሬያለሁ፣ ባል ቀብሬያለሁ፣ የአባቴ እርሻ አስፋልትና ኮንዶሚኒየም ሆኗል፤ ያቺ ቂም ግን ካስቀመጥኳት አልተነቃነቀችም።

ሩር ማለት በገና ጨዋታ የምትመታዋ ድብልብል ናት። የኛዋ ከወይራ ሥር የተጠረበች ነበረች፤ ብታገኛችሁ ቁርጭምጭሚታችሁ ሳምንት ይዘፍናል። ጫፉ የጎበጠ ዱላ ይያዛል፣ ሁለት ወገን ይሆናል፣ ሩሯን እየመቱ የሜዳው ጫፍ ማድረስ ነው። ያደረሰ አገባ። እኔ አገባሁ። ሞልቱ «እኔ ነኝ» አለ። ነገሩ ይኸው ነው።

ዝም ብዬም አልተቀመጥኩም። ፉሪ ውስጥ ወተት ሸጬ ነው የምኖረው፤ ላሜ ወንድ በወለደች ቁጥር ጥጃውን ሞልቱ እለዋለሁ። እስካሁን አምስት ሞልቱ ሸጫለሁ። ሰውዬው በደጄ ሲያልፍ ጠብቄ፣ «አንተ ሞልቱ! ያንተ ያልሆነውን አትጥባ ብዬህ የለም!» ብዬ እጮሃለሁ። እሱ ቆቡን ነካ አድርጎ፣ «እንዴት አደርሽ ኦብሴ፤ ላሚቱ ደህና ናት?» ብሎ ያልፋል። የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ሌባ እንዴት ጨዋ ይሆናል?

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ያኔ ፉሪ ጤፍና ምስር እንጂ ከተማ አልነበረም፤ መካኒሳ አቦ ደርሶ የተመለሰ ሰው «ከተማ ውዬ መጣሁ» ይል ነበር። አባቴ ለታ የሰፈራችን የገና አለቃ ነው። በዓሉ ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው ደጃችን ላይ ተቀምጦ ዱላ እሳት ላይ እያሞቀ ያጎብጣል። እርጥብ ልጣጭ ሲቃጠል አፍንጫ ይሰነፍጣል። እኔ አጠገቡ ቁጢጥ ብዬ ፍቅፋቂውን እየለቀምኩ እጠይቀዋለሁ።

«አባ፣ ይህን ጨዋታ ማን ጀመረው?»

«እረኞች ናቸዋ። ጌታ ተወለደ ሲባሉ ደስ ብሏቸው በያዙት ዱላ ያገኙትን ሁሉ መቱ።»

«የት?»

«የት ይሆናል? እዚሁ ነዋ!» ብሎ በዱላው ሜዳውን አሳየኝ። እኔም ቤተልሔም ከወንዙ ወዲያ ያለች ሰፈር መሰለችኝ።

«እግር ኳስስ?»

«የዚሁ ልጅ ነው። አንዱ ፈረንጅ ዱላው ሲሰበርበት በእግሩ መታት።»

«ሩጫስ?»

«ሩጫን የተሸነፉት ናቸው ያመጡት። ከስድቡ ሲሸሹ።»

«ዋናስ?»

«ሩሯ ወንዝ ገባችባቸው።»

«ቦክስስ?»

አባቴ ዱላውን ከእሳቱ አውጥቶ በአንድ ዓይኑ ልኩን አየና፣ «እሱ ዳኛ የተሳሳተ ጊዜ ነው» አለ።

እናቴ ከውስጥ ስትስቅ ሰማሁ። እኔ አልሳቅሁም። በዓለም ላይ ያለ ጨዋታ ሁሉ ከደጃችን እንደወጣ አምኜ ተቀበልኩ። ኋላ አራተኛ ክፍል መምህሩ ኳስ የእንግሊዝ ነው ሲል እጄን አወጣሁና «ውሸት ነው፣ የኛ ነው» አልኩት። ገረፈኝ። ትምህርቴም እዚያው አካባቢ ቆመ።

አንድ ነገር ብቻ ያንገበግበኝ ነበር፤ ሴት አትጫወትም። «ሴት የረገጠችው ሜዳ ላይ ሩር አትሮጥም» ይላል አባቴ። ሞልቱ አባቱ ሞቶበት ከኛ ጋር ነበር የሚኖረው፤ ዕድሜው አሥራ አምስት። ለምኜ ለምኜ አሰለቸሁት፤ በመጨረሻ ተደብቆ ለእኔ ቁመት የምትሆን ዱላ ጠረበልኝ። «አባትሽ ካየ» አለኝ፣ «መጀመሪያ የሚሰበረው የኔ ጀርባ ነው።» እሺ አልኩት። ከሰጠኝ ቀን ጀምሮ ደብቄ ከጎኔ አልለየኋትም።

የገና ዕለት ከወንዙ ማዶ ያሉት መጡ። አለቃቸው ዱጉማ ነው፤ ሲናገር ፈረስ የሚደነግጥለት፣ ሳቁ ከሰውየው ቀድሞ የሚደርስ። ሜዳው ሁለት ዛፍ ነበረው፤ ላይኛው ጫፍ ወይራ፣ ታችኛው ጫፍ ወደ ወንዙ ግራር። ጠዋት የኛ ወገን ወደ ግራሩ ነበር የሚመታው። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ አስታውሱልኝ።

ስድቡማ አይነገርም። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ፤ ሌላ ቀን ደም የሚያፋስስ ቃል ያን ቀን ሳቅ ነው።

«ለታ!» ይላል ዱጉማ፣ «ዱላውን ለሚስትህ ስጣት፤ ከአንተ እሷ ትሻላለች!»

«ሚስቴማ አንተን ለመምታት ዱላ አያስፈልጋትም!» ይላል አባቴ። ሁለቱም ወገን ያሽካካል።

ቀትር ላይ እናቴ ውሃ ቅጂ ብላ ላከችኝ። እንዲህ ባለ ቀን ውሃ! እየተነጫነጭኩ ጀሪካን አዝዬ ወረድኩ። ስመለስ ሰዉ ምሳውን በልቶ ጨዋታው ጀምሯል።

«ምን አመለጠኝ?» አልኳት።

«ምንም። በሉ፣ ጠጡ፣ ተነሡ» አለችኝ። እናቴ ጨዋታ አይታ አታውቅም፤ ለእሷ መብላትና መጠጣቱ ብቻ ነው የሚታያት። ዛሬ ሳስበው ጥፋቱ ከዚያች መልስ ይጀምራል፤ ግን እናት አትከሰስም።

ፀሐይ አዘቀዘቀች። እኩል ለእኩል ናቸው፤ የመጨረሻዋ ሩር ትወስናለች። አቧራው ሰው አያሳይም፤ እግርና ዱላ ብቻ። እኔ ዳር ቆሜያለሁ። ያን ሰሞን ለቅማል ተብሎ ራሴን ተላጭቻለሁ፣ የሞልቱን አሮጌ ካኪ ኮት እስከ ቁርጭምጭሚቴ ለብሻለሁ። ከኋላ ያየኝ ሰው የሚያየው ኮት ነው። ድንገት ሩሯ ከእግሮቹ መሃል ሾልካ ወጣችና እፊቴ መጥታ ቆመች። እኔን የምትጠብቅ መሰለች።

ዱላዬን ከኮቱ ሥር አወጣሁ። መታኋት። ወደ ግራሩ! ቁልቁለት ነው፤ ሩሯ ራሷ ትሮጣለች፣ እኔ ብቻ አልለያትም። ከኋላዬ «ያዘው! ያዘው! ሚናህን ለይ!» እያሉ ይጮሃሉ። ማበረታቻ መሰለኝ። አንድ ሰው ብቻ ደረሰብኝ፤ ሞልቱ። «ቁሚ! አንቺ ቁሚ!» እያለ ያለከልካል። ይቀማኛል ብዬ ባለ በሌለ ኃይሌ መታኋት። ሩሯ የግራሩን ግንድ ቋ! አደረገችው።

ያን ድምፅ ዛሬም እሰማዋለሁ።

«አገባሁ» ለማለት አፌን ስከፍት ሞልቱ ገፍትሮ ከግራሩ ኋላ ያለው የጎርፍ ቦይ ውስጥ ጣለኝ። ጋቢውን በላዬ ላይ ወረወረ። «ትንፍሽ እንዳትይ!» አለኝ። ከዚያ ዱላውን ወደ ላይ አንሥቶ ወደ አቧራው ዞረና፣ «እኔ ነኝ! የመታኋት እኔ ነኝ!» ብሎ ጮኸ።

እንግዲህ ፍረዱ። የዓለም ጨዋታ ሁሉ እናት በሆነችው ሜዳ ላይ፣ የመጨረሻዋን ሩር አግብቼ፣ ቦይ ውስጥ ነኝ። ጋቢው ላብና ቅቤ ይሸታል። አንድ ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ቀርቷል። በላይ በኩል እልልታ ነው፣ ጭፈራ ነው። ከዘፈኑ የመጀመሪያው መስመር ጥርት ብሎ ደረሰኝ፤

«ሞልቱ ሞልቱ፣ የኛ ሙሽራ…»

ሁለተኛውን እልልታው ዋጠው።

በጋቢው ቀዳዳ አሾልቄ አየሁ። ሞልቱን ትከሻቸው ላይ የተሸከሙት ማዶዎች ናቸው። ጨዋነታቸው ገረመኝ፤ ተሸንፈው እንኳ ጀግና ያከብራሉ። የኛ ሰዎች መሬት ላይ ቁጭ ቁጭ ብለዋል፤ ደስታ ጉልበታቸውን የሰበረው መሰለኝ። አባቴ የራሱን ጋቢ ጫፍ ነክሷል። ደስታ ነው አልኩ፣ ሌላ ምን ይሆናል?

ማታ አባቴ እህል አልቀመሰም። ሞልቱ ጥግ ላይ ከንፈሩ አብጦ ተቀምጧል።

«ተወው እንግዲህ፣ ልጅ ነው» አለች እናቴ።

«ልጅማ ነው» አለ አባቴ። ሲናገር ግን ወደ ሞልቱ አላየም። ወደ እኔ ነው ያየው።

«አባ፣ ያቺን ሩር እኮ…» ብዬ ስጀምር ሞልቱ በሳል ሊሞት ደረሰ። አባቴም «ተኚ!» አለኝ። እሱም ተባብሯል ብዬ አለቀስኩ።

በማግስቱ ከእንቅልፌ ስነሣ ግራ እግር ኮንጎ ጫማዬ ታጥቦ ከራስጌዬ ተቀምጧል። አባቴ በር ላይ ቆሞ፣ «ጫማሽን የትም አትጣይ» አለኝ። እሺ አልኩ። ጫማዋ ከየት እንደተገኘች ለመጠየቅ አርባ አንድ ዓመት ፈጀብኝ።

ከዚያ በኋላ በየዓመቱ የገና ዕለት ጠዋት ማዶዎች ለሞልቱ ቀይ አውራ ዶሮ ይዘውለት ይመጣሉ። እየዘፈኑ! ያቺው መስመር፣ የኛ ሙሽራ። እኔ ሰምቼ እንዳልሰማ በሬን ዘግቼ ስለምገባ ሁለተኛውን መስመር አልደረስኩበትም። ሞልቱ እንዲያውም እውነትም ሙሽራቸው ሆነ፤ ንግስት የምትባል የማዶ ልጅ አገባ። በሠርጉ አባቴ ጊደር ሰጠው። እኔ ሳገባ የሰጠኝ ማሰሮ ነው። እነሆ ሌላ ቂም።

ባለፈው ኅዳር ማርቲ የምትባል ልጅ መጣች። ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፤ የጨዋታዎችን አመጣጥ ነው የምታጠናው። ግራሩ ሥር የፕላስቲክ ወንበር ደርድራ ሽማግሌዎችን ሰበሰበች። ግራሩ ዛሬም አለ፤ ባጃጆች ይቆሙበታል፣ ቦዩ ተደፍኖ መኪና ማጠቢያ ሆኗል። ወይራው የነበረበት ደግሞ ጎሚስታ ነው። እኔ ወተት አድርሼ ስመለስ ከጎረቤቴ ከዓለሚቱ ጋር ዳር ቆመን እንሰማ ነበር።

«ጨዋታው ከየት መጣ?» አለች ማርቲ።

«ከማዶ» አለ ዱጉማ። ሰማንያ አልፎታል፤ ሳቁ ግን ያው ነው።

ዓለሚቱ ጌታን ያገኘች የወላይታ ሴት ናት፤ ዝም ማለት አይሆንላትም። «እኛም ልጅ ሆነን በዱላ ቆርኪ ስንመታ አድገናል። ታዲያ እኛ ነና የጀመርነው!»

ማርቲ ሳቀች። «ማዘር፣ የዱላና የድብልብል ጨዋታ በብዙ አገር አለ። ማን እንደቀደመ የሚያውቅ የለም።» ለአባቴ ከፋኝ። ነፍሱን ይማርና፣ ይህን ሳይሰማ መሞቱ ደግ ነው አልኩ በሆዴ።

«ይልቅ ትልቁን ታሪክ ጻፊ» አለ ዱጉማ። «በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ይሄ ሞልቱ የመታት ሩር! በዚህ አገር እንደሷ ያለች ሩር አልተመታችም።»

ማርቲ እስክሪብቶዋን አነሣች። «ሙሉ ስም?»

የወተት ጣሳዬን ለዓለሚቱ አስያዝኳትና መሃል ገባሁ።

«ኦብሴ ለታ ብለሽ ጻፊ! ያቺን ሩር ያገባሁ እኔ ነኝ። ይሄ ሰውዬ ቦይ ውስጥ ከትቶኝ ነው የሰረቀኝ!»

ሞልቱ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ራሱን ይነቀንቃል። ፈራ አልኩ፤ ልቤ ቅቤ ጠጣ።

«የቷን ሩር ነው የምትዪው?» አለ ዱጉማ።

«የመጨረሻዋን! እዚህ ግራር ሥር የገባችውን!»

«ከምሳ በኋላ የነበረችውን?»

«እሷን! አዎ!»

ዱጉማ መጀመሪያ አየኝ። ቀጥሎ ሞልቱን አየ። ከዚያ መሳቅ ጀመረ፤ ማርቲ ውሃ አጠጣችው፣ እያጠጣችውም ይስቃል።

«አንቺ የለታ ልጅ፣ ከምሳ በኋላ እናንተ ወደ ወይራው ነበር የምትመቱት! ሜዳው ቁልቁለት አይደለም እንዴ? ጠዋት አንዱ ቁልቁል ከመታ ከቀትር በኋላ ሌላው ቁልቁል ይመታል። ቦታ እንለዋወጣለን! ከአባቶቻችን ጀምሮ! ግራሩ ያኔ የናንተው ደጅ ነበር። ለኛ ነው ያገባሽልን!»

እኔ ውሃ ልቀዳ ወርጄ ነበር።

«ዘፈኑስ?» አልኩ።

ዱጉማ በምርኩዙ መሬቱን እየመታ ዘፈነልኝ። ሁለተኛውን መስመር ያን ቀን ሰማሁ፤

«ሞልቱ ሞልቱ፣ የኛ ሙሽራ፣
ያባቱን አፍርሶ የኛን የሠራ!»

«ዶሮውስ?»

«ምስጋና ነዋ! በነፃ አሸነፈልን እኮ!» አለና እንባውን ጠረገ። «ግን ስሚ፣ እኛ ሙሽራችንን በወሬ አንለውጥም። እንደ ሞልቱ ያለ ዝም ብሎ የሚሰደብ ከየት እናገኛለን? እውነት ከሆነ የገና ዕለት ሰው ፊት ቆመሽ ተናገሪ።»

ከሞልቱ ጋር ዳገቱን አብረን ወጣን። ከእሱ ጋር አብሬ ስሄድ ከዘጠኝ ዓመቴ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

«ለምን እንዲህ አደረግህ?» አልኩት።

«ጀግና አታድርጊኝ። ዱላውን የጠረብኩት እኔ፣ ኮቱ የኔ። አንቺ ከተያዝሽ ማን ሊተርፍ ነው? ለጀርባዬ ፈርቼ ነው።»

«አርባ አንድ ዓመት?»

«እኔ እኮ ለአንድ ገና ነው ብዬ ነበር። ማዶዎች አይረሱም ለካ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

ቆም ብሎ አየኝ። «መቼ አናግረሽኝ ታውቂያለሽ? አንቺ የምታናግሪው ጥጃውን ነው።»

«አባቴ አያውቅም ነበር?» አልኩ።

«ጫማሽን ከቦዩ ማን ያወጣው መሰለሽ?» አለ ሞልቱ። «አንድ ቀን ብቻ ነው ያነሣው፤ ጊደሯን ሲሰጠኝ። ገመዷን እጄ ላይ አድርጎ፣ ‹ይቺ ስለ ጫማዋ ናት› አለኝ።»

አፈርኩ ልበል? አላፈርኩም፤ ተናደድኩ። ይህን ሁሉ ዘመን በተሳሳተ ሰው ላይ መናደድ ራሱ ያናድዳል።

«ተይው ኦብሴ» አለኝ በሩ ላይ ስንደርስ። «እኔ ለምጄዋለሁ። አንቺ ከተናገርሽ እስክትሞቺ ነው የሚዘፍኑብሽ። ወተትሽን በየደጁ ስታዞሪ በዘፈን ነው የሚቀበሉሽ።»

እውነቱን ነው። አንድ ወር ሙሉ አሰብኩበት። ዝም ብል ወሬ ሆኖ ይቀራል፤ ዱጉማም ዕድሜው ዛሬ ነገ ነው። ግን ሩሯን የሰረቀኝ መስሎኝ ስጮህ የኖርኩት እኔ፣ የእኔ መሆኗ ሲረጋገጥ ዝም ልል ነው? ክፉም ትሁን ደግ፣ የኔ ናት።

የገና ዕለት ከሰልባጅ ተራ የገዛሁትን ካኪ ኮት ለበስኩ። እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ አጣሁ እንጂ ያንኑ ይመስላል። ግራሩ ሥር ወጣቶቹ ሊጫወቱ ተሰልፈዋል፣ ማዶዎች ቀይ ዶሯቸውን ይዘው መጥተዋል፣ ማርቲ ድምፅ ማጉያ ይዛለች። ዱጉማ «ሞልቱ ሞልቱ» ብሎ ሊጀምር አፉን ሲከፍት ማጉያውን ከማርቲ እጅ ወሰድኩ።

«የፉሪ ሰው! የማዶ ሰው! ያቺን ሩር የመታሁ እኔ ኦብሴ ነኝ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ ቦታ መለዋወጡን አላየሁም። ሞልቱ ምንም አላደረገም። ዱላውን ግን የጠረበልኝ እሱ ነው፤ በዚያ በኩል ስደቡት።»

የጎሚስታው ኮምፕሬሰር ብቻ ይሰማል። ከማዶዎች መሃል አንዱ፣ «ሴት ናት እንዴ ያሸነፈችልን!» አለ፤ ከዚያ ሜዳው በሳቅ ተናወጠ። ዱጉማ «ኦብሴ ኦብሴ፣ የኛ ሙሽራ» ብሎ ጀመረ።

«ያዝ!» አልኩት። «እሱ የሞልቱ ነው። የራሴን ይዤ መጥቻለሁ።» እናም እኔው አወረድኩት፤

«ኦብሴ ኦብሴ፣ የለታ ልጅ፣
ሩር አገባች ባባቷ ደጅ!»

ማዶዎች ተቀበሉኝ። የኛዎቹም ተቀበሉኝ። ሞልቱን አየሁት፤ ቆቡን አውልቆ፣ ሁለት እጁን አንሥቶ፣ እንደ ልጅ እየዘለለ በራሱ ሰፈር ሰው ላይ ይዘፍናል። ይህን ያህል እንዳማረው አላውቅም ነበር።

«ማዘር፣ ልጻፈው?» አለችኝ ማርቲ በጆሮዬ።

«ጻፊው። ኦብሴ ለታ። በራስ ደጅ ላይ ማግባት የተጀመረው ፉሪ ነው ብለሽም ጨምሪ። እሱን እንኳ ማንም አይቀማንም።»

ዱጉማ ዶሮውን ሊሰጠኝ ሲዘረጋ ሞልቱ እጁን ዶሮው ላይ ጣል አደረገ። «ዶሮዋን እንኳ ተዪልኝ፤ ለምጃታለሁ።»

«አይሆንም» አልኩት። «ሩሯም የኔ፣ ዶሮውም የኔ።» ብብቴ ሥር አድርጌ ዳገቱን ወጣሁ፤ ዘፈኑ እስከ በሬ ሸኘኝ።

በማግስቱ ሞልቱንና ንግስትን ጠራኋቸው። ከወጡ ፈረሰኛውን አውጥቼ እፊቱ አስቀመጥኩለት። እሱም በላ። እጁን ሲታጠብ እንደ ልማዱ፣ «ላሚቱ ደህና ናት?» አለኝ።

«ትናንት ወለደች።»

«ምን?»

«ወንድ።»

እጁ ላይ ሳሙናው እንዳለ ቆመ። «ታዲያ… ስሙን ማን አልሽው?»

«ዱጉማ» አልኩት።